ለታማኝ የማሞቂያ ጠጋኞች ዝርዝር ባለቤት

ለክቡር አቶ ዜኖን ማሩሻክ
የመኖሪያ ሕንፃዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር
ታርኑቭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ሙቀት ያልጎደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ማኅበሩ ስልክ ማንም የማይቀሰቅሰው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በሕንፃ ቁጥር ሰባት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት እናቴ ከወይዘሮ ሉድቪካ ጋር የምኖር የመሬት ቀያሽ ነኝ። እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆስፒታል ናት፤ ሐሙስ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከዚያ በፊት ጥቂት ምስጋናዎችን ላደርስዎ ፈለግሁ፤ ጎረቤቶቼም ያነቡት ዘንድ በግልጽ ጻፍኩት።

አንደኛ፦ በሕንፃችን መግቢያ፣ መስታወት ውስጥ ስለለጠፉልን «የታማኝ ማሞቂያ ጠጋኞች ዝርዝር» ከልብ አመሰግናለሁ። ብርዱ ሲጀምር የመታጠቢያ ቤታችን የጋዝ ማሞቂያ በየሰዓቱ እየጠፋ ቢያስቸግረን በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ደወልኩ። የመጀመሪያው ቁጥር የዳቦ ቤት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውን ያነሡት ወይዘሮ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሩኝ፤ ነፍስ ይማር፣ ከዝርዝርዎ ላለመምጣት በቂ ምክንያት ያላቸው ሟቹ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው አቶ ቫልዴማር ለሳምንት ቀጠሩኝ።

ሁለተኛ፦ በዚህ መሐል አንዲት የእናቴ ወዳጅ አቶ ኤድሙንድ የሚባሉ ሽማግሌ ጠጋኝ ላከችልን። እንደሚያውቁት በአገራችን ጠጋኝ ሁሉ ክዳን ሲከፍት ራሱን ነቅንቆ «ማነው እንዲህ ያበላሸብዎት?» ይላል፤ መልሱም ሁልጊዜ ከእሱ በፊት የመጣው ጠጋኝ ነው። አቶ ኤድሙንድ ይህን አላሉም። ከጋዜጣ ላይ ቁራጭ ቀድደው ግድግዳው ላይ ወዳለው የአየር ማስወጫ አስጠጉት። ወረቀቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ጌታዬ፣ ማሞቂያው ደኅና ነው። ጢሱ መውጫ ሲያጣ ራሱን እያጠፋ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። የታፈነው ቤቱ ነው። ይህን ካልከፈቱ እኔ እሳት አልለኩስም» አሉኝ።

እኔም የምስክር ወረቀታቸውን ጠየቅኳቸው። ስማቸው በዝርዝርዎ ላይ እንደሌለ አስረዳኋቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ መግባታቸውንም ጨመርኩበት። እናቴ ከወጥ ቤት «ሌሹ፣ ምነው! ሰውየው ሻይ እንኳ አልቀመሰ» ስትል በሩን ዘጋሁባቸው።

ታማኙ አቶ ቫልዴማር ግን ጫማቸውን አወለቁ። «ማነው እንዲህ ያበላሸብዎት?» አሉ። «አንድ ሽማግሌ ነካክቶት ነበር» አልኩ፤ አቶ ኤድሙንድ ብሎን እንኳ አልፈቱም ነበር። ተሳሳቅን። ጢስ ሲመለስ እሳቱን የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ በአንዲት ሽቦ አገናኝተው ከሥራ ውጭ አድርገውት ሄዱ። ማሞቂያው ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልጠፋም። እንዲህ ያለ ፍጹም ጥገና በዕድሜዬ አላየሁም።

ሦስተኛ፦ በየዓመቱ ጭስ ማውጫና አየር ማስወጫ እንዲመረምር ስለሚልኩልን ባለሙያ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሥራውን ደጃፍ ላይ ቆሞ መጨረስ ተክኗል። «ሁሉ ደኅና?» ይላል፤ «ደኅና» እንላለን፤ ሰሌዳውን ይዘረጋል፤ እንፈርማለን። መዝገብዎን ቢገልጡ በእኔ በር አንጻር «ተመርምሯል» የሚል ጽሑፍና ያማረ ፊርማ ያገኛሉ።

ፊርማው የእኔ ነው። ወለሉን ገና መወልወሌ ስለነበር እንዳይገባ የከለከልኩትም እኔ ነኝ። ቢገባ ኖሮ የአየር ማስወጫውን ያይ ነበር፤ እናቴ ብርድ ገባኝ ስትል በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ፣ እንዳይታወቅ ነጭ ቀለም የቀባሁትን። ሥራዬን በጥንቃቄ ስለምሠራ ስንጥቅ አልተውኩም።

እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሌሹ፣ ራሴን» አለችኝ። እኔም ራስ ምታትን ሁሉ በአየሩ እንደሚያሳብበው የከተማችን ሰው «የአየር ግፊቱ ወርዶ ነው እማዬ» አልኳት። ቅዳሜ ረፋድ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ ብጠራት ግን እሷ አትሰማኝም። በሩን ሰብሬ አወጣኋት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መለኪያቸው ሲጮህ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ፤ መውጫ ያጣው ጢስ የሚያመጣው፣ ሽታ የሌለው ያ ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችኝ «በሩን የሰበርከው አንተ ነህ? ማን ሊሠራው ነው?» ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አቶ ቫልዴማር በእኛ መግቢያ በኩል ባሉት ቤቶች ብቻ ሌሎች አራት ማሞቂያዎች ነክተዋል። በአራቱም ቤት ሰው ይታጠባል። ዛሬውኑ የሚከፍታቸውና እውነተኛ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ይላኩ፤ ጫማውን ባያወልቅም ግድ የለንም።

ለከበረ ዝርዝርዎ ያለኝ አድናቆት ሳይቀንስ፣ ከማኅበሩ ታዛዥ ፈራሚዎች አንዱ፣

ሌሸክ ጎዝዲክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አቶ ኤድሙንድ ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንኩና መጡልኝ። የማሞቂያውን ክዳን ከፍተው ሽቦውን አዩ፤ ቀለም የቀባሁትን ፕላስቲክ አዩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠየቁኝ፦ «ማነው እንዲህ ያበላሸብዎት?» «እኔ» አልኩ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ለዚህ ጥያቄ «እኔ» ብሎ የመለሰላቸው የመጀመሪያው ሰው እንደሆንኩ ነገሩኝ። የእሳት አደጋ መርማሪው ነገ ይህንኑ ሊጠይቅዎ ወደ ቢሮዎ ይመጣል። የእኔን ድርሻ ነግሬዋለሁ፤ የእርስዎን ሳልነካ ትቼልዎታለሁ።