የሲስተር ሆሳዕናን ክፍል ስለቆለፉልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ አቶ ደረጄ፣ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበር
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር ጤናዎ እንደምን ነው? በአደባባይ መጠየቄ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ባለች አንዲት ክፍል የምእመኑን ደም ግፊት በነፃ ትለካ የነበረችውን ነርስ፣ ሲስተር ሆሳዕናን፣ ከግቢው ስላስወጡ የእርስዎን ጤና የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ነው። ስለ ሌሎቹም ውለታዎችዎ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩. ባለቤቴ አበባ የስኳር ሕመምተኛ እንደሆነች ያውቃሉ። እርስዎ ያመጧቸው አጥማቂ «መርፌውን ካልተውሽ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ቢሏት፣ እኔን ሳታማክር ተወችው። ብዙም ሳትቆይ ቅዳሴ ላይ፣ በሴቶች በር በኩል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰው ሁሉ «መንፈስ ነው» እያለ ሲከብባት፣ ሲስተር ሆሳዕና ተንበርክካ ትንፋሿን አሸተተችና «ስኳሯ ነው! ባጃጅ ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ሐኪሞቹ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እንደማትተርፍ ነገሩኝ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ለልጆቼ ምን ብዬ እንደምደውል ቃል ሲጠፋኝ፣ እጄን ይዛ አብራኝ የቆመችው ሲስተር ነበረች። እርስዎ እንዳይረብሹን አስበው ይመስለኛል፣ ሊጠይቁን አልመጡም።

፪. በሚቀጥለው እሑድ ሲስተር ለሕመምተኞቹ «ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም አታቋርጡ» አለቻቸው። በማግስቱ ክፍሏ ተቆለፈ። ምክንያቱን ብጠይቅዎ «ጸበሉን ተዳፍራለች» አሉኝ። የንስሐ አባቴም እንደ ሲስተር «መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» ሲሉ ሰምቻለሁና፣ የእርሳቸውን በር መቼ እንደሚቆልፉ ቀደም ብለው ቢያሳውቁን?

፫. ክፉ አሳቢ አያድርገኝ እንጂ፣ ያ ክፍል ወዲያው መልሶ ተከፍቶ የእህትዎ ልጅ ኢዮብ የጸበል ጀሪካን ይሸጥበታል። ቦታው ለጀሪካን እንደሚመች ያስተዋሉት ሲስተርን ከማስወጣትዎ በፊት ይሁን በኋላ፣ አጥማቂውና ኢዮብስ ምሳ አብረው የሚበሉት በአጋጣሚ ይሁን በሌላ፣ እኔ ተራ ምእመን ምን አውቄ!

ለማንኛውም ስለ እኛ አይጨነቁ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ፈቲሀ «ሲስተርዬ፣ የእኔ በረንዳ እያለ መንገድ ላይ አትቁሚ» ብላ ወንበር አውጥታላታለች። ዛሬ ነጠላ የለበሰውም፣ ኮፍያ ያጠለቀውም ባንድ ተራ ይለካል። አበባም መርፌዋን ጀምራ ደህና ናት። የገዛ ግቢያችን የነፈጋትን ወንበር ጎረቤት መስጠቷ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አንገቴን አስደፍቶኛል።

ለነፍሳችን ሲሉ ሥጋችንን የዘነጉልንን እርስዎን አምላክ በዕድሜ ያቆይልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእርሱ ከሚበልጥ ጥርጣሬ ጋር እሰናበታለሁ።

ይታገሱ፣ የአበባ ባል

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ባለቤትዎ በረንዳው ላይ ክንዳቸውን ሰጥተው ሲለኩ አየኋቸው። ሲስተርም «አቶ ደረጄስ ለምን አይመጡም?» ስትላቸው ሰማሁ። በአደባባይ መታየቱ ከከበደዎ፣ ፈቲሀ የጓሮ በር አላት።