ዘውዱን የያዘችው ሴት

ሶብሬይራል፣ በቅዱስ ማርቲኖ ሰሞን

ለውድ እህቴ፤

ባሕር በመካከላችን ቢኖርም ስምሽን በጸሎቴ ሳልጠራ አልተኛም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የሳንቶስ ከተማ ሙቀት ይሻለዋል ብለሽኝ ነበር፤ እንዳልሽው ሆኖልሽ ይሆን? ልጆችሽስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ የካስታኛ ዛፉ ፍሬ ሞልቶ ረግፏል፤ እሳት ላይ ሲጠበስ ሽታው መንደሩን ሞልቶታል። አዲሱ ወይንም ተከፍቷል። ያ ሳል እንኳ ሰልችቶኝ ሳይሆን ሰልችቼው ትቶኝ ሄዷል።

ባለቤቴ ዴኦሊንዳ ብትኖር ይህን ወሬ ከእኔ ቀድማ ታደርስልሽ ነበር። እህትሽ በየዓመቱ ለቅዱሳን ሁሉ በዓል የመቃብር አበባ ስትገዛ አንዲት ትርፍ እንደምትጨምር ታስታውሻለሽ። ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ፣ ለአያታችሁ ለሲልቬሪዮ አስቀምጣ ስትጨርስ ያችን ነጭ አበባ ይዛ በመቃብሮቹ መካከል ትቆም ነበር። የሲልቬሪዮን እናት ማንነት፣ የት እንዳረፈችም የሚያውቅ አልነበረማ። መጨረሻ ላይ በመቃብሩ ግቢ በር ሥር ትታት ትመጣለች። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አበባዋን አደራ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላዘዘችኝም።

አያታችሁ በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ተጥሎ በመገኘቱ መንደሩ እናንተን «የደጁ ልጆች» ሲል እንደኖረ ለአንቺ አልነግርሽም። ባለ መሸታ ቤቱ ቤልሚሮ እህትሽ ስታልፍ «ነፋስ ገባ፣ ደጁን ዝጉ» ማለት ይወድ ነበር። እሷ እየሳቀች ታልፈዋለች፤ ቤት ስትገባ ግን አትስቅም።

አሁን የየደብሩ የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ፎቶ እየተነሳ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። የፈለገ ሰው ከፍቶ ያየዋል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ይህን ስሰማ የእህትሽ አደራ ቀሰቀሰኝ። የእኔን ትምህርት ታውቂዋለሽ፣ አራተኛ ክፍል ነው። በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ባለው ኮምፒውተር ገጽ መግለጥን እንደ ምንም ለመድኩ። ጽሕፈቱ ግን የሸረሪት ድር ነው። ያነበበችልኝ ኤርሜሊንዳ ናት፤ የአናጺው የአርሊንዶ ሚስት የነበረችው። አባቷ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ስለነበር የድሮ ቄሶች እጅ ጽሕፈት አይከብዳትም። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቀኑ ይረዝምብኛል ብላ ትራሷን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ እገልጣለሁ፣ እሷ ታነባለች።

የሲልቬሪዮን ክርስትና በፀደይ አገኘነው። እናት አይታወቅም፣ አባት አይታወቅም ይላል። የክርስትና እናቱ ትመራናለች ብለን ተስፋ አድርገን ነበር፤ የተጻፈው ግን «የክርስትና እናቱ የሐዘን እመቤታችን ናት» የሚል ሆነ። ያው እንደምታውቂው፣ የሚቆምለት ላጣ ሕፃን እመቤታችን ትሰጠዋለች፤ አንዷ ሴት ከሐውልቷ ራስ ላይ ዘውዱን አውርዳ በእሷ ፈንታ የሕፃኑን ራስ ትነካለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ኤርሜሊንዳ መነጽሯን እየጠረገች፣ «ይችን ሴትዮ እንግዲህ የት ሄደን እንጠይቃት? ዘመዶቿ ሁሉ ሰማይ ቤት ናቸው» አለች። ሳቅሁ፣ እህቴ። ከዴኦሊንዳ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ ይህ ሳቅ ከየት መጣ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ግን አልጠበቅሁም።

ዘውዱን የያዘችውም ሴት ስሟ ተጽፏል፦ ኪቴሪያ፣ ያላገባች፣ ሸማኔ። አለፍናት። ዘውድ ያዥን ማን ይቆጥራል? እንደ መቅረዙ ናት። በጋውን ሙሉ ሌላ ሌላውን ስናገላብጥ ከረምን።

ወይን በሚለቀምበት ሰሞን በሚስቱ መንደር ደብር መዝገብ የሲልቬሪዮ ጋብቻ ላይ ደረስን። ኤርሜሊንዳ ጮክ ብላ ጀምራ ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄደ። ሙሽራው ያላገባችው የሸማኔዋ የኪቴሪያ ልጅ ነው ይላል፤ እሷም በቦታው ተገኝታ «ልጄ ነው» ብላ በቄሱ ፊት ተናግራለች ይላል። ቃሏ ግን ከዚያ ደብር ወጥቶ እኛ መንደር አልደረሰም።

«ዘውዱን የያዘችው» አለችኝ ኤርሜሊንዳ።

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ ወላጅ ለገዛ ልጁ የክርስትና ወላጅ መሆን አይችልም፣ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም። ያላገባች ልጅ ደግሞ በአባቷ ቤት ሆና የእኔ ነው ማለት አትችልም። ስለዚህ እመቤታችንን እናት አድርጋ ሰጠችውና ዘውዱን ራሷ ያዘች። «እናት ሆና መቆም አልቻለችም፤ ግን አልቀረችም» አለችኝ።

አያታችሁ ተጥሎ አያውቅም፣ እህቴ። ገና ሲጠመቅ የእናቱ እጅ ራሱ ላይ ነበር። እኔ ሽማግሌው እዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ አለቀስኩ፤ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ያበላሸሁ መስሏት እየሮጠች መጣች።

የኪቴሪያ አባት ስም ደግሞ በቤልሚሮ ቤተሰብ መቃብር ላይ የተቀረጸው ሆኖ አገኘነው። ሄደን ድንጋዩ ያበቀለውን ሽበት ስንፍቅ ከግርጌው የእሷም ስም ወጣ። የቤልሚሮ አያት እህት ናት! መሸታ ቤቱ ሄደን ነገርነው። የሚወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠና፣ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የገዛ ሥጋዬን ነው ስሰድብ የኖርኩት?» አለ። ኤርሜሊንዳ፣ «ሌላ ማን እንዲህ አድርጎ ይሰድባል? ዘመድነታችሁማ ድሮም ያስታውቅ ነበር» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን በመወልወያው ጨርቅ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ብሩሽ ይዞ ቀድሞን መቃብሩ ላይ ተገኘ። ለሚያልፈው ሁሉ «የአክስታችን ነው» እያለ ድንጋዩን ሲፈትግ አረፈደ።

አበባዋን በኪቴሪያ መቃብር ላይ አስቀመጥኩ። አደራውም ከላዬ ወረደ። በር ሥር የሚቀር አበባ የለም ብዬ ስዞር ግን ኤርሜሊንዳ ከመጎናጸፊያዋ ሥር አንዲት ትርፍ አወጣች። ለአርሊንዶ ቀድማ አስቀምጣለች። ይችን ወስዳ ከእህትሽ ራስጌ አኖረችና ተንበርክካ ብዙ ነገር አወራቻት። ራቅ ብዬ ኮፍያዬን በእጄ እያዞርኩ ጠበቅኋት። ስንመለስ ምን እንዳለቻት አልጠየቅሁም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ራሷ፣ «ተስማምተናል» አለችኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ደስታ ሲመጣብኝ ጌታን ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ላመስግን እያልኩ ሰነበትኩ። አሁን ማመስገኑን መርጫለሁ።

ቄሳችን አባ ኤዝኪኤል ከፋሲካ በኋላ በደብሩ የጋብቻ መዝገብ ለእኔና ለኤርሜሊንዳ አዲስ ገጽ እንከፍታለን ብለውኛል። በመዝገብ የተጻፈውን ከመቶ ዓመት በኋላ ማንም ከቤቱ ሆኖ ያነበዋል። አንቺ ግን እስከዚያ እንድትጠብቂ አልፈለግሁም። የይሁንታ ቃልሽን ላኪልኝ።

እመቤታችን ዘውዷን በቤትሽ ላይ ታሳርፍ። ልጆችሽን ትጠብቅ፣ ጉልበትሽን ታጽና፣ አንድ ቀንም በዚህ ድልድይ ላይ ታገናኘን።

ዛሬም፣ ከፋሲካ በኋላም ወንድምሽ።