ሁሉም የሚሰማው ነጻ ስልክ

ማርች 3፣ እሑድ

ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስት ላቪኒያ ቤት። አባዬ ሊደውል።

በመንደሩ ዋይፋይ ያለው የእሷ ቤት ብቻ ነው። ካርድ ውድ ነው፣ የኢንተርኔቱ ነጻ። ስለዚህ አምስት ወር ሙሉ አባታችንን የምናገኘው በአክስቴ እጅ ነው። ቃል በቃል በእጇ፤ ስልኩን ለማንም አትሰጥም። ከሥር ወደ ላይ ነው የምትይዘው። ምስኪን አባዬ አውስትራሊያ ድረስ ብርቱካን ሊለቅም ሄዶ እሑድ እሑድ የሚያየው የእህቱን የአፍንጫ ቀዳዳ ነው።

ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አክስቴ። ቀጥሎ አክስቴ። ከዚያ ጸሎት፣ እሱንም የምታደርሰው አክስቴ። ከዚያ ትንሿ እህቴ ሎሴ ትዘፍናለች። መጨረሻ ላይ እማዬ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ በላውድ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና።»

አለቀ። ትዳር ማለት ይሄ ከሆነ እኔ አላገባም።

ማርች 6፣ ረቡዕ

አክስቴ ዛሬ ቀሚሴ አጠረ አለች። እሺ፣ ይርዘም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቺ ነሽ፣ ላቪኒያ።

ማርች 10፣ እሑድ



ከጸሎቱ በኋላ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ልትኖር ልትገባ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር አለባት፣ ልጆቿም አገር ለቀዋል... ይሄን ሁሉ እናውቃለን። ከዚያ ልክ ጨው አቀብሉኝ እንደሚባለው አድርጋ፦

«ሎሴን ይዣት ልሄድ ነው። እኔ ላሳድጋት። ስሟንም ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

አባዬ ዝም አለ። «ኔትወርክ ነው» አለች አክስቴ ስልኩን እየነቀነቀች። ኔትወርክ አልነበረም። ከኋላው የጣሪያው ማራገቢያ ሲዞር ይታየኛል።

«ሳሚሶኒ?»

«አለሁ፣ እቴቴ። እስቲ... እስከ እሑድ ላስብበት።»

«ምኑን ነው የምታስበው? ጎሽ፣ አስብ።»

በእኛ አገር የአባት ታላቅ እህት ለጠየቀችው እምቢ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ልጅም ይሁን አሳማ። እማዬ ደግሞ ሚስት ናት፤ በባል እህት ፊት አፍ የላትም። ጎደሬው ላይ ዝንብ እሽ ትል ነበር። ዝንብ ግን አልነበረም።

ሎሴ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ጠረጴዛ ሥር ሆና የቆርቆሮ ሥጋ በጣቷ ትበላ ነበር።

ማርች 11፣ ሰኞ

እማዬ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ድንገት፦ «ብቻውን ላናግረው የምችልበት መንገድ የለም?»

አለ እንጂ። ኔያፉ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ያለው ሱቅ ዋይፋይ አለው፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ግማሹ ክፍላችን ያውቀዋል። ከሱቁ ጀርባ የቆመ ሁሉ ይደውላል። የእማዬን ስልክ ይዤ ሄጄ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያው ቆሜ የቪዲዮ መደወያውን ጫንኩላትና ለአባዬ መልእክት ላክሁ። ሐሙስ፣ ከሥራ ሲወጣ።

ማታ አለማመድኳት። ቪዲዮ ነው እያልኳት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች።

«እማዬ፣ ጆሮሽን ነው የሚያየው።»

«ይየው። ናፍቆት የለ?»

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ።

ማርች 14፣ ሐሙስ

ተሳካ! ተሳካ!

ከሱቁ ጀርባ፣ ባዶ የዘይት በርሜሎች መሃል። ፀሐይ ስትጠልቅ አባዬ አነሳ። ከኋላው የድስት ኳኳታ፣ የውኃ ድምፅ።

«ማን አለ አጠገብህ?» አለች እማዬ።

«ማንም። ወጥ ቤት ነኝ። ኢንተርኔቱ ከዚህ ውጪ አይደርስም።»

እናቴን እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። «ሳሚሶኒ፣ ልጄን አልሰጥም። እህትህ የራሷን ልጆች መቼ አሳደገች? ሰው ነው ያሳደገላት። ሎሴን የፈለገቻት ውኃ የምታቀብላት ስላጣች ነው። አንተ ፈርተህ እሺ ብትላት... እኔ ስትመጣ እዚህ አልጠብቅህም።»

አባዬ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ከዚያ፦ «እውነትሽን ነው። እሑድ እነግራታለሁ። አትሄድም።»

«ማልልኝ።»

«በእናቴ መቃብር።»

ስንመለስ እማዬ አይስክሬም ገዛችልኝ። ለሎሴም ገዛች፤ ቤት ሲደርስ ቀልጦ ውኃ ሆኖ ነበር። ጠጣችው።

ማርች 15፣ ዓርብ

አክስቴ ሁሉንም ታውቃለች። ሁሉንም! «ውኃ የምታቀብላት» የምትለዋን ሳይቀር።

ትናንት አውቶቡሳችን ገና መንደር ሳይደርስ ወሬው ደርሶ ነበር። በነጻ። ሞሴሴ፣ የአክስቴ አማች፣ አባዬ ጋር አንድ እርሻ ነው የሚሠራው። ትናንት ሩዝ የማብሰል ተራው የእሱ ነበር። አባዬ እኮ «ማንም» ብሏል... ግን አልዋሸም፤ ያ ነው የሚያናድደው። ሞሴሴ ዘመድ ነው። በእኛ ቤት «ሰው አለ» የሚባለው ባዕድ ሲኖር ነው። ዘመድ እንደ ወንበር ነው፤ አለ፣ ግን አይቆጠርም።

እማዬ እንኳ አልተናደደችበትም። «እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር» አለች።

እኔስ? እኔ ብልጧ? «ሁሉንም ከወጥ ቤት አስወጣ» ማለት አቃተኝ?

ማርች 16፣ ቅዳሜ

እማዬ ጠርዙ የተበጣጠሰውን ሰሌን ወገቧ ላይ ታጥቃ አክስቴ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትጠይቅ፤ በእኛ ባህል ያጠፋ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሰባት ጎረቤት አሳማ የሚፈልግ መስሎ አለፈ። አክስቴ ከውስጥ እያየቻት ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። አየኋት፤ ብስኩት ታጠቅስ ነበር።

ከዚያ ወጣች። አለቀሰች ደግሞ። እማዬን አንስታ አቀፈቻት። «ኤሴታ የኔ ልጅ፣ ተይው፣ ይቅር ብዬሻለሁ።»

እንባዋ የእውነት ነበር። ብትጮህባት ይሻል ነበር። ይቅር ያለችን ሴት እንዴት አድርገን እምቢ እንላታለን?

ማርች 17፣ እሑድ

ላውድ። ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ሞልቷል፤ ነጻ ትርዒት ማን ይጠላል።

አባዬ ፊቱን አልተላጨም። አክስቴ ምንም አልጠየቀችውም፤ ስልኩን ይዛ ጠበቀች ብቻ።

«ውሰጃት፣ እቴቴ» አለ።

አፌ ቀደመኝ። «አባዬ፣ ሐሙስ ሌላ አልነበር ያልከው? ምለህ አልነበር?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፦ «ይቺ ደግሞ የማን ጠበቃ ናት?»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሰው ላይ ቀልዳለሁ፣ ሲሳቅብኝ እችላለሁ። ግን አባዬም ሳቀ። ትንሽ፣ በአፉ ጫፍ... አየሁት። ስልኩ ያን ጊዜ ብቻ በደንብ ተይዞ ነበር።

እማዬ ተራዋ ሲደርስ፦

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

እማዬ ተነስታ ወጣች። አክስቴ «ኔትወርክ ነው» አለችው።

ማርች 23፣ ቅዳሜ

መርከቡ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። ሎሴ አዲስ ጫማ ተገዝቶላት ነበር፣ የሚያበራ። ስትረግጥ ተረከዙ ቀይ ይላል። የመርከቡን መወጣጫ ድልድይ ስትወጣ የምታየው ጫማዋን ነው፣ ዞራ አላየችንም። እማዬ «እንኳንም ዞራ አላየችን» አለች።

አክስቴ ከላይ ሆና በመሐረብ አውለበለበች። የቤቷን ቁልፍ ለጎረቤት ነው የሰጠችው። ለእኛ አይደለም።

ማርች 31፣ እሑድ

ፋሲካ። አክስቴ ቁልፏን ለያዘው ጎረቤት በኢንተርኔት ደውላ፣ ሎሴ በላውድ ዘፈነች፣ ቤት ሙሉ ሰው አጨበጨበ። እኔ ሄጄ አየሁ። እማዬ አልመጣችም። ራሷን አሟታል ብዬ ዋሸሁ። ሎሴ አክስቴን «እማማ» ትላታለች። ለእማዬ ይሄን አልነገርኳትም። እዚህ ብቻ ይቀመጥ።

ኤፕሪል 9፣ ማክሰኞ

እማዬ ሦስት ሳምንት የሠራችውን ሰሌን ሸጣ ዛሬ ካርድ ገዛች። የእውነተኛውን፣ ውዱን። ተቆጣሁ። «ሱቁ ጀርባ ብንሄድ እኮ ነጻ ነው! ታያታለሽ ደግሞ!»

«ነጻውን አልፈልግም» አለች። «ማንም የማይሰማውን ነው የምፈልገው።»

አክስቴ አነሳች። እማዬ ትሑት ሆና፦ «ሎሴን ቢያገናኙኝ። ላውድ ባያደርጉት።» እኔ በስልኩ ጀርባ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ሎሴዬ? ደህና ነሽ?»

ዝም።

«በልተሻል?»

ዝም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ገባኝ። ሎሴ በሕይወቷ ምስል በሌለው ስልክ አውርታ አታውቅም። እዚያ ቆማ ራሷን እየነቀነቀች ነው። በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ እያለች... በራሷ። ደቂቃው ይሄዳል።

«እማዬ፣ ተመልከቺ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ጋ። ታየሽ?»

አንድ ነገር ስልኩ ላይ ሲፋተግ ተሰማ። ምንድን ነው? ቁስል? የወለቀ ጥርስ? ሥዕል? «ሞኟ፣ ቪዲዮ እኮ አይደለም» ልላት አፌን ስከፍት እማዬ በመዳፏ ዘጋችኝ። መዳፏ ሰሌን ሰሌን ይሸታል።

«አየሁት» አለች። «አየሁት የኔ ልጅ። ትንሽ ጠጋ አድርጊው።»

ሎሴ ጠጋ አደረገችው። ካርዱ አለቀ።