ለአዲስ መጪ የሚላከው ሰላምታ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ አኩራፊው ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔም ያው እንደምታውቀው ነው፣ በሱ አታስብ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃው ላይ ያስቸግረኛል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግን ገበያ ስትወጣ “እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?” ሳትል አታልፍም።

የታላቅህን ክፍል እንደነበረ ትቼዋለሁ። ወንበሩ አሁንም ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው። ከቀብሩ ስንመለስ ኮምፒዩተሩን ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልቻልኩም። እዝዝ ሲል ሰው ያለበት ቤት ይመስለኛል። እዚያ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ አለቅሳለሁም። ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የምጽፍልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ሁለታችሁ በዚያ ክፍል የጀመራችሁት፣ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም ዛሬም አለ። የፈለገ በነፃ ይወስደዋል፣ የቻለም ያሻሽለዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ላግዝ የሚል አዲስ ሰው ይመጣል። ታላቅህ አንተ ከሄድክ በኋላ፣ ለመጣ ሁሉ በራሱ የሚላክ ሰላምታ አዘጋጅቶ ነበር። “እንኳን ደህና መጡ። ብቻዎን አይደሉም። እኔ አለሁ፤ የቸገረዎትን ይጠይቁኝ” ይላል፣ ከነስሙ። እሱ ካረፈ በኋላም ይኸው ይላካል። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ያውቃሉ፤ ግን ማረፉን ለአዲስ መጪ ለመንገር ሁሉም “ሌላው ይናገር” እያለ፣ የማንም አንጀት ሳይችል ቀረ።

በቀደም አንዲት ነርስ መጣች። አባቷ ዓይነ ስውር ናቸው። ፕሮግራሙ የእሳቸውን ቋንቋ አጥርቶ እንዲያነብ ልታግዝ ፈልጋ፣ ከየት እንደምትጀምር ታላቅህን ጠየቀችው። ዝም። ደግማ ጠየቀችው። በመጨረሻ “ለመርዳት የመጣ ሰው እንዲህ ይናቃል? መልስ ላይሰጡ ‘አለሁ’ ማለት ምን የሚሉት ነው? ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም” ብላ ጻፈች። ያን ያላጠፋሁት ኮምፒዩተር ሲያነበው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ልጄ እኮ ሰው ንቆ አያውቅም።

ባላይም ፊደሉን በጣቴ እየዳበስኩ እንደምንም መለስኩላት። “ልጄ፣ አልናቀሽም፤ ሞቶብኝ ነው። እኔ እናቱ ነኝ። ኮድ የምትሉትን አላውቅም፤ ሰዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፣ ነይ ላስተዋውቅሽ” አልኳት። እንዴትስ አላውቅ? ቅዳሜ ቅዳሜ በኮምፒዩተሩ ሲሰበሰቡ ድምፁን ከፍ ያደርገው የለም እንዴ! እኔ አጠገቡ ልብስ እያጣጠፍኩ የሁሉንም ጠባይ ለይቻለሁ። ለቋንቋው ነገር “ሳሉ” ብለን ከምንጠራው መምህር ጋር አገናኘኋት፤ ሳይስል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፣ ለጠያቂ ግን እንደሱ ታጋሽ የለም። አባቷንም ፕሮግራሙን እየሞከሩ ጉድለቱን ከሚናገሩት ዓይነ ስውራን ጋር ቀላቀልናቸው። ያ ሁሉ ድምፅ ቅዳሜ ዕለት ሰላም ሲላት፣ “እኔ እኮ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው መስሎኝ ነበር” ብላ አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ሳሉም የዚያን ቀን ሳሉን ረሳው።

አንተ “ለመጣ ለሄደው በር ስትከፍት ሥራው ቆመ” ትለው ነበር። እሱ ደግሞ “ሥራው እኮ ይኸው ነው። ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሆነውን ማን ያስገባው?” ይልሃል። በዚሁ ተኳረፋችሁና ሄድክ። እኔ ለማንም አልፈርድም። ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ ያንተ ኩርፊያ ግን የወንድምህን ቀብር አሳጣህ። ልወቅስህ አይደለም፤ ከፍቶኝ ነው።

አሁን ሰዎቹ ሰላምታው ይቀየር ብለዋል። አዲስ የመጣ ሰው ገና ከበሩ ሳሉንም፣ ሞካሪዎቹንም፣ የቅዳሜውን ስብሰባም እንዲያውቅ ነው። መለወጥ የሚችሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ የለም፤ ሌላው አንተ ነህ። ተኳርፋችሁ እንኳ መክፈቻውን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ካንተ አልወሰደም። ጽፈንለት ዝም አለን ብለው እኔን ላኩኝ። የልጄን “አለሁ” አጥፋልን ብዬ የምለምን እኔው ሆንኩ። አጥፋው፣ ልጄ። የሌለ ሰው አለሁ እያለ ሰው አያስጠብቅ።

ከማጥፋትህ በፊት ግን እስከ ታች አንብበው። ለአዲስ ሰው ብቻ ስለሚላክ አንተ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ቤቱን የሠራውን ማን እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል? እኔም ገና አሁን፣ ነርሷ የደረሳትን ስትልክልኝ ነው የሰማሁት። መጨረሻው ላይ “እኔን ካጡኝ ወንድሜን ይጠይቁት፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል” ይላል። ስምህም ተጽፏል።

ነርሷ “ታዲያ ወንድሙ የት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። “ይመጣል” አልኳት።

ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ። ስትደክም የሚያሳርፍህ፣ ስትጠራ አቤት የሚልህ ይስጥህ። ደብዳቤውን ሳልልከው የሠራችሁት ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። “ይመጣል” የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ደግሜ አስነበብኩት።

እናትህ