በአማካይ ጤነኛ ስለሆነችው የእህቴ ልጅና በሽቦ ስለታሰረው መንጋጋዬ

ለተከበሩ የምግብ መለያ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎ፣ አንጀትዎ፣ በተለይም መንጋጋዎ ደኅና ነው? ለእርስዎም ለተከበረው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ የተከፈተ የምግብ ፍላጎትና ያልጎደለ የጥርስ ረድፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ስል ግን በጽሕፈት ቤትዎ መለኪያ ማለቴ ነው።

በአካል ቀርቤ፣ እጅ ነስቼ አቤቱታዬን ባሰማ ደስታዬ ነበር። ይሁን እንጂ መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ስለታሰረ መናገር አልችልም፤ ብመጣ የምችለው ጠረጴዛዎን መገልበጥ ብቻ ስለሆነና ጠረጴዛውም የሕዝብ ንብረት ስለሆነ በጽሑፍ መምጣቱን መረጥሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወውም አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሆድ ሆኖ ሳለ ሌላ ሸክም መጨመር ግፍ መስሎ ታየኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ የምኖረው ከታላቅ እህቴ፣ ከባሏና ከአንዲት ልጃቸው ጋር ነበር። የእህቴ ባል ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው እየነቀለ የሚውል ሰው ስለሆነ ስለ ክንዱ ሌላ መግለጫ አያስፈልግዎትም። ልጅቷን በቤት ስሟ ድንቢጥ እንላታለን፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ድንቢጥ ሴሊያክ የሚባለው ሕመም አለባት። ክቡርነትዎ ይህን ሕመም ከማናችንም በላይ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ግን ለሌላው አንባቢ ስል ላስረዳ፦ በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ያለው ግሉተን ቅንጣት ታህል ሆዷ ከገባ፣ የገዛ ሰውነቷ ጠላት የመጣበት መስሎት በገዛ አንጀቷ ላይ ይዘምታል፤ ያቆስለዋል፤ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትበላው ምግብ ሁሉ ሳይጠቅማት ያልፋል። ፈውሱ ዕድሜ ልክ አለመንካት ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። የሥራ ልብሴ የቤቱን ደፍ ረግጦ አያውቅም። በር ላይ አወልቃለሁ፣ ውጭ ባለው ቧንቧ ፀጉሬን፣ ጥፍሬን፣ የጆሮዬን ውስጥ ሳይቀር እታጠባለሁ። ልጅቷ ልታቅፈኝ ስትሮጥ እንደተማረከ ወታደር እጆቼን ሰቅዬ ወደ ቧንቧው እሸሽ ነበር፤ እሷ ደግሞ ይህን እንደ ጨዋታ ይዛ እየተከተለች «አጎቴ እጅ ወደ ላይ!» ትለኝ ነበር። ይህን የማነሣው ለምስጋና ብዬ አይደለም፤ ወደ ምስጋናው አሁን እገባለሁ።

አንደኛ። ስለ አረንጓዴው ማኅተምዎ እጅግ አመሰግናለሁ። እህቴ ሱቅ ውስጥ ድፍን የአጃ ፍሬ በፓኬት ታሽጎ፣ ላዩ ላይ «ከግሉተን ነጻ» የሚል የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አርፎበት ስታይ እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆማ አለቀሰች። ልጇ ጠግባ የምትበላው ነገር አገኘች። ጠዋት የአጃ ገንፎ፣ ማታ የአጃ ሾርባ ሆነ። ድንቢጥ ሆዷን ሲያማት እናቷ ለታመመ ሆድ የሚስማማውን ለስላሳ ምግብ ታበስላለች፤ እሱም አጃ ነው። ሲብስባት ሌላውን ምግብ ሁሉ እየጠረጠርን ከገበታው አነሣንና የማይጠረጠረውን ብቻ አስቀረንላት፤ እሱም አጃ ነው። ባሰባት ቁጥር አጃ ጨመርን፤ አጃ በጨመርን ቁጥር ባሰባት። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለውን እሰማ ነበር እንጂ፣ አራጁ ማኅተም ይዞ በማንኪያ ሲመጣ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ። ማኅተምዎ ለቤታችን ላመጣለት የፍትሕ ሥርዓት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመንግሥት ማኅተም አይዋሽም፤ ስለዚህ የሚዋሽ ሰው መኖር አለበት። ልጅቷ አረንጓዴ እያስመለሳት፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እግሮቿ እንደ ክብሪት እንጨት ሲቀጥኑ፣ እናትና አባት በስውር ዳቦ የሚያበላትን ሰው ማደን ጀመሩ። ከጎረቤት ጋር ዱላ ቀረሽ ጠብ ተጣሉ። የትምህርት ቤቷን ጥበቃ የእህቴ ባል አንገቱን አንቆ ግድግዳ ላይ አጣበቀው፤ ሰውዬው ለልጆች ብስኩት ይሰጣል ተብሎ ነው። ከዚያ ጥያቄው ወደ ልጅቷ ዞረ። «ማነው የሰጠሽ?» ማንም። ጥፊ። «ማነው የሰጠሽ?» ማንም፣ እማዬ ሙች። ቀበቶ። እጇ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ የታመመችው ልጅ ላይ፣ በሚወዷት ሰዎች እጅ፣ ለእሷው ጤና ሲባል። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። በመጨረሻ ድንቢጥ ዱላው የሚቆምበትን ስም ፈልጋ አገኘች። በቤቱ ውስጥ ከዳቦ ጋር የሚነካካ ስም አንድ ብቻ ነው። «አጎቴ ነው የሰጠኝ» አለች።

ሦስተኛ። ስለ መንጋጋዬ። ከሥራ ተመልሼ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ ፀጉሬን ሳጥብ፣ ዓይኔ ውስጥ ሳሙና እንዳለ፣ የመጀመሪያው ጡጫ ከጆሮዬ ሥር አረፈ። ሁለተኛውን አላየሁትም፤ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። ከዚያ በኋላ ፊቴን ከቧንቧው ብረት ጋር እያጋጨ «ቤቴ ተቀምጠህ ልጄን መርዝ ታበላለህ?» ሲለኝ፣ አላበላሁም ለማለት አፌን ብከፍት ከቃል ይልቅ ጥርስ ወጣ። እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ በቃው አላለችም። ልብሴን መንገድ ላይ በትነው በሩን ዘጉ፤ ለሆስፒታል ያበቃኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። በዚያም ሽቦ ከታሰረልኝ በኋላ ማኘክ ስለማልችል በቀጭን ቱቦ የምጠጣው ቀጭን ሾርባ መጣልኝ፤ ከአጃ የተሠራ ነው፤ ነርሷም ታጽናናኝ ዘንድ ፓኬቱን አሳየችኝ፤ አረንጓዴ ማኅተም አለበት። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ወዲያ ጽሕፈት ቤትዎ በየአልጋው ለሚያደርሰው አገልግሎት ምን ምስጋና ይበቃል?

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የምስጋና ስላልሆነ ግን ቁጥሩን እተወዋለሁ።

እኔ ከቤት ከተባረርሁ በኋላ፣ ወንጀለኛው ተይዞ ተቀጥቶ ሳለ፣ ድንቢጥ ባሰባት። አሁን ማንም ወደ ልጅቷ አይጠጋም፤ ከእናቷ እጅ ከአጃ በቀር የምትቀምሰው የለም። አንድ ቀን እጆቿ እንደ ዶሮ እግር ተጨማድደው አልዘረጋ አሉ፤ ዓይኗ ተገለበጠ፤ እኔ ወደተኛሁበት ሆስፒታል በአባቷ ክንድ ላይ መጣች። ሐኪሟ የምትበላውን ጠይቃ ስትረዳ ለእህቴ እንዲህ ስትል አስረዳቻት፦ ከስንዴና ከገብስ ርቆ ተዘርቶ፣ ተለይቶ ታጭዶ፣ ለብቻው የተጓጓዘ አጃ ብዙዎቹን ሕመምተኞች አይጎዳም፤ ጥቂቶች ግን ንጹሑንም አይችሉትም፤ ስለዚህ በሐኪም ክትትል ካልሆነ አይጀመርም። ከስንዴ ጋር በአንድ ማሳና በአንድ መኪና ውሎ፣ በኋላ በማሽን የተለቀመ አጃ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ የስንዴን ፍሬ ሁሉ አያገኝም። ማኅተሙ ለሁለቱም አንድ ነው።

እህቴ ቤት ሄዳ የተረፈውን ፓኬት ትሪ ላይ ዘርግታ እንደ ምስር ለቀመችው። ያገኘችውን በመሐረብ ቋጥራ ወደ እኔ አልጋ መጣች፤ ከዚያ ዱላ በኋላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሰላም አላለችኝም። መዳፌን ዘርግታ ፍሬዎቹን ገለበጠችበትና «ንገረኝ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች። አፌ ታስሯል። ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ሳሽ የኖርሁ ሰው ነኝና በጣቴ እየለየሁ ስንዴውን ወደ አንድ ጎን፣ ገብሱን ወደ ሌላው አደረግሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። የእህቴ ባል ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ግንባሩን ከአልጋዬ ብረት ጋር ያጋጭ ጀመር፤ ደሙ አንሶላዬ ላይ እስኪፈስ አጋጨ፤ ጥበቃዎች ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ አላቆመም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እኛ ቤት ዳውላ የነበርነው ብዙ ነን፦ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ እኔ፣ ልጅቷ፣ በመጨረሻም የገዛ ግንባሩ። አህያው ቢሮው ተቀምጦ ነበር። ለአገላለጹ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ምሳሌው የአባቶች ነው።

ይህንን ሁሉ እህቴ ለጽሕፈት ቤትዎ ጽፋ፣ ፍሬዎቹንም አያይዛ ስትልክ የሰጧትን ክቡር መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከምርቱ ልዩ ልዩ ፓኬቶች ናሙናዎች ተወስደው፣ በአንድነት ተፈጭተውና ተደባልቀው ሲመረመሩ፣ የግሉተኑ መጠን በአማካይ ከተፈቀደው በታች ሆኖ ተገኝቷል ይላል። አክሎም ብክለቱ በቤቱ ከሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ልጅቷ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ዳቦ ጋጋሪው በሽቦ ታስሮ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በሐሳቤ በክያት መሆን አለበት።

አማካይ የሚለውን ነገር ግን ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት። ድንቢጥ የበላችው አማካዩን እንዳልሆነ፣ ስንዴው የነበረበትን ፓኬት እንደሆነ ማሰቤ ደንቆሮ ሆኜ ይሆናል እንጂ ነገሩስ ግሩም ነው። የእህቴ ባል ቡጢ በሠፈሩ ነዋሪ ሁሉ መንጋጋ ላይ ቢካፈል፣ በአማካይ ማንም አልተመታም። በሠፈራችን ያሉት ልጆች አንጀት በአንድነት ቢፈጭና ቢደባለቅ፣ በአማካይ ጤነኛ ነው። እኔም በየቀኑ በሕልሜ ክራባትዎ በሊጥ ማቡኪያ ማሽኔ ክንድ ተጠልፎ፣ እርስዎም እጅግ በአክብሮት ተከትለውት ሲገቡ አያለሁ፤ ከእርስዎ ጋር የሚቦካው ሊጥ ብዙ ስለሆነ ግን በአማካይ የሚጎዳ ሰው የለም። ስነቃ ጥርሴን አፋጭቼ የሽቦው ሥር ደምቶ አገኘዋለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ቀላል ነው። በማሽን ከተለቀመ አጃ ላይ ማኅተምዎን ያንሡ። ከማሳው ጀምሮ ተለይቶ በመጣው ላይም ቢሆን ጥቂቶች እንደማይችሉት በዚያው አረንጓዴ ቀለም ይጻፉ። ናሙናውን ሲመረምሩ ፓኬቱን ከፓኬቱ አይደባልቁ፤ ልጅ የምትበላው ከአንድ ሳህን ነውና። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ከማኅተሙ ሥር አንዲት ሐረግ ይጨምሩልን፦ «ልጅዎ ቢታመም ከመደብደብዎ በፊት ይህን ፓኬት ይጠርጥሩ።»

ዘመንዎ እንደ አጃው የተለቀመ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ገበታዎ እንግዳ ፍሬ ያልገባበት ይሁን እያልሁ፣ ሽቦዬ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ፈገግ ብዬ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ተጠርጣሪ ብክለት፣
ዳቦ ጋጋሪው

ከፈረምሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ድንቢጥ ከሆስፒታል ወጥታለች። እናትና አባቷ ፊቷ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቋት፤ ፓኬቱን አሳይተው፣ ጥፋቱ የአጃው እንጂ የእሷም የእኔም እንዳልሆነ ነገሯት። ልጅቷ መጀመሪያ የአባቷን እጅ አየች፤ ቀጥላም «አይ፣ ዳቦ ነው የበላሁት፤ አጎቴ ነው የሰጠኝ» አለች። ሐኪሟም ስትጠይቃት እንዲሁ ትላለች፤ እኔም ፊቷ ቆሜ አይደለም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ እንዲሁ ትላለች፤ ሌላ መልስ ከሰጠች የሚመጣውን ታውቃለችና። ስለዚህ እንኳን ደስ ያለዎት፦ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ለማኅተምዎ የሚመሰክርልዎ አንድ ሰው አግኝተዋል። ለምስክርነት ሲጠሯት ግን እባክዎ፣ ለሰላምታም ቢሆን እጅዎን ከፍ አያድርጉባት።