ጠመንጃውን በአካል ቀርቦ ስለተረከበው ወንድሜ

ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕዝብ ደኅንነትና የጦር መሣሪያ ምዝገባ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ በመጪው ሰኞ ሊመለሱ የተዘጋጁት ጠመንጃዎች እንዳይመለሱ፣ «ቤተሰቡ ሕመሙን ደብቋል» የሚለው የሪፖርትዎ ዐረፍተ ነገር እንዲታረም እና ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

አመልካች መምህርት ምሥራቅ አዴሎ በያባ ዳር ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነኝ። መጋቢት 6 ቀን በቀብር ላይ ተኩሶ ሦስት ሰው የገደለው አብዮት አዴሎ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሦስቱ ሟቾች አንዱ ባለቤቴ ከፈለኝ ነው። ሁለቱንም ገና ከመነሻው የጻፍኩት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከአንድ አንቀጽ በላይ እንደማያነብ ከልምድ ስለማውቅ ነው። ልምዱን ያገኘሁበትን ሁኔታ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. አብዮት ንብ አናቢ ነው። ጠመንጃው የአባታችን ነበር፤ በቆሎውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ ሲጠብቁበት ኖረው ሲያርፉ ፈቃዱ ወደ እሱ ዞረ። ሕመሙ የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ቀፎዎቹ የምናገረውን እየሰሙ ለሰው ያቀብሉብኛል ብሎ፣ አንድ ማለዳ ዐሥራ ዘጠኙንም ከየዛፉ አውርዶ ማር እንደያዙ ወንዝ ከተታቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የአእምሮ ሕክምና የተማረች ሲስተር ወንጌላዊት የምትባል ነርስ ኪኒን ጀመረችለት፤ በሁለት ወሩ ሰው ሆነ፣ አዲስ ቀፎም መሥራት ጀመረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው በጥፊ እንኳ አልመታም። የታመመ ሁሉ ገዳይ ነው ለሚሉት ባልደረቦችዎ ይነበብላቸው።

2. ባለፈው ኅዳር ሲስተር ወንጌላዊት ተዛወረች፤ ምትክ አልመጣም። ኪኒኑም ከዚያው ወር ጀምሮ የለም። ለብቻዬ ስሄድ «በሽተኛውን በአካል አቅርቢ» አሉኝ። ለምኜ፣ አስለምኜ በአካል ሳቀርበው ደግሞ «ባለሙያ የለም፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ» ተባልን። ተመለስን። ሌላ ጊዜም ሄድን፤ አሁንም ተመለስን። በታኅሣሥ መጀመሪያ አዲሶቹ ቀፎዎች እንደገና ይሰሙት ጀመር።

3. ታኅሣሥ 15 ቀን እሱ ጫካ በሄደበት ጠመንጃውን ከነጥይቱ በኬሻ ጠቅልዬ፣ የሕክምና ካርዱን በቦርሳዬ ይዤ ቦንጋ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። የንብረት ክፍሉ አቶ ፈለቀ ተቀብለው ደረሰኝ ቆረጡልኝ። «ባለፈቃዱ የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆነ ሳይታከም እንዳይመለስለት» የሚል ማመልከቻ ጽፌ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁ፤ የገቢ ማኅተም ተመታበት። ከመሄዴ በፊት «ደርሷል፣ እናየዋለን» ተባልኩ። ማን እንዳየው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

4. የካቲት 10 ቀን ወንድሜ ብቻውን ቦንጋ ወርዶ ጠመንጃዬን አለ። ሰጣችሁት። በርክክቡ ቅጽ ላይ በምክንያትነት የሰፈረው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ ስለጠየቀ»። እዚህ ላይ ለአቶ ፈለቀ እውነቱን ልመስክርላቸው፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ለቅሶ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሆነውንም ያልደበቁኝ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ በየካቲት ፀሐይ ሁለት ካፖርት ደርቦ ነበር። ከመፈረሙ በፊት ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስለሚሰማኝ ይውረድልኝ ብሎ ለምኗቸው አውርደውለታል። «ምን ላድርግ እትዬ ምሥራቅ፣ ትሑት ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ሰልፍ ነበረ» አሉኝ። ሰዓቱን አውርደው ጠመንጃውን አወረዱለት። የእኔ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተመርቶ እዚያው ክፍል፣ የደረሰኙ ቀሪ ባለበት ሣጥን ውስጥ ነበር። ያነበበው የለም፤ ደንቡ የሚጠይቀው አካል ነው እንጂ አእምሮ አይደለም።

5. አሁን ከማንም በላይ ራሴን የምንቅበትን ነገር እጽፋለሁ። አብዮት ጠመንጃውን በትከሻው፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሲመለስ ደንግጬ ለባለቤቴ አሳየሁት። ከፈለኝ ወረቀቱን ገልብጦ አየውና «ማኅተም አለው እኮ፤ መርምረው ካልሆነ መቼ ይሰጡታል? ተሽሎት ነው የሚሆነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ሃያ ዓመት ልጆችን አንብባችሁ ተረዱ ስል የኖርኩ ሴት ክብ ማኅተም አይቼ ዝም አልኩ። ይህን ሞኝነቴን ከእናንተ ስንፍና ጋር እኩል አላደርገውም፤ ግን አልደብቀውም።

6. መጋቢት 6 ቀን አባባ አባተን ቀበርን። አባባ አባተ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ፣ የአገር አስታራቂ ነበሩ፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር ጠመንጃ ያለው ለክብሩ ይተኩስለታል። ስለዚህ አብዮት ከሕዝቡ መካከል ጠመንጃውን ሲያነሣ ማንም አልሸሸም። እንዲያውም መንገድ ለቀቁለት፤ «ጎሽ፣ የአዴሎ ልጅ!» ያለውም አለ። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ «ልጆች፣ ገለል በሉ፣ ለአባባ ሊተኩስላቸው ነው» እያለ ቦታ ያስለቅቅለት ነበር። የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ፤ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ከፈለኝን አገኘው። ቀጥሎ የቡና ነጋዴው ጋሽ ሚሊዮን፣ ቀጥሎም የዘጠነኛ ክፍሏ ማዕረግ ወደቁ። ማዕረግን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ሌሎች አምስት ሰዎች ቆስለው፣ አንዱ እስከ ዛሬ በክራንች ይሄዳል።

7. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሚያዝያ 22 ቀን ጽሕፈት ቤትዎ የውይይት መድረክ አዘጋጀ። ባነር ተሰቀለ፤ የታሸገ ውኃ ተደረደረ። ተጋብዤ ስለነበር ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ግማሹ «ጠመንጃ ብቻውን አይተኩስም፣ ችግሩ የአእምሮ ጤና ነው» አለ። ሌላው ግማሽ «የአእምሮ ሕመምተኛን አናሸማቅቅ፣ ችግሩ የጠመንጃው ብዛት ነው» አለ። የጤናው ተወካይ ጥፋቱን ወደ ጠመንጃ፣ የጠመንጃው ተወካይ ወደ ጤና እየገፉ እስከ ምሳ ቆዩ። ከምሳ በኋላ ሁለቱም ልክ ናቸው ተባለና ተጨበጨበ። ክቡርነትዎ፣ ሁለቱንም ታኅሣሥ 15 ቀን በራችሁ ላይ ይዣቸው ቆሜ ነበር፤ አንዱን በኬሻ፣ አንዱን በቦርሳ። ያን ቀን የሚከራከርባቸው ሰው አላገኘሁም። እጄን ባወጣም ዕድል አልተሰጠኝም፤ ሰዓት አልቋል አሉ።

8. ከዚያ መድረክ የወጣው ሪፖርት በገጽ 4 «አደጋው የደረሰው ቤተሰቡ የግለሰቡን ሕመም በመደበቁ ነው» ይላል። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ ደብተሩን መልሼ፣ ማስረጃህን አምጣ እለው ነበር። የእኔ ማስረጃ የእናንተው ማኅተም ነው፤ ቅጂውንና ደረሰኙን አያይዣለሁ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ምክንያት የማዕረግ እናት በመንገድ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞራለች። አልፈርድባትም፤ የመንግሥት ወረቀት አምና ነው። እኔም አምኜ ነበር።

9. ከግድያው በኋላ ከቀበሌያችን አርባ አንድ ጠመንጃ ሰበሰባችሁ። መልካም ነው ብዬ ነበር። አሁን በቀበሌው በር ላይ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ «ግንቦት 11 ቀን፣ ሰኞ፣ ባለፈቃዶች በአካል እየቀረባችሁ ውሰዱ» ይላል። ያው ደንብ፣ ያው ቃል፣ ምናልባትም ያው ቅጽ። ሦስት ሰው የተቀበረበትን ቃል ለመቀየር እንኳ ብዕር አላነሣችሁም። ከአርባ አንዱ አንዱ የጎረቤቴ የወ/ሮ ብርቄ ልጅ የደምመላሽ ነው። ደምመላሽ ሁለት ወር እንቅልፍ የለውም፤ እህል የሚቀምሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ ነው። ትናንት ሸሚዙን አጥቦ አስጥቷል፤ ለሰኞ ነው። ወ/ሮ ብርቄ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ስማቸውን አስገቢልኝ ብለው አልቅሰው ነግረውኛል፤ አስገብቻለሁ። ይኸው፣ ይህም ቤተሰብ አልደበቀም።

ስለዚህ የሰኞው ርክክብ ቆሞ ማንም ሰው የጤና ማስረጃ ሳያቀርብና የቤተሰቡ ቃል ሳይሰማ ጠመንጃ እንዳይረከብ፣ ጤና ጣቢያችን ነርስና ኪኒን ሳያገኝ ይህ እንዳይለወጥ፣ የገጽ 4 ዐረፍተ ነገርም ታርሞ በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አክብሮቱ ለወንበሩ ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወንድሜ አሁን በማረሚያ ቤት ኪኒኑን በየቀኑ፣ በሰዓቱ ይወስዳል። በውጭ ሳለ በልመና ያላገኘውን ሦስት ሰው ሲገድል አገኘው። ተሽሎታል፤ ፊቱ ተመልሷል። ሰው መግደሉን ነግረውታል፤ እነማንን እንደሆነ ግን ገና አያውቅም፤ ክሱ አልተነበበለትም፤ እኔም አፌ እሺ አላለኝም። ባለፈው እሑድ ስንቅ ሳቀብለው «ምሥራቅዬ፣ ከፈለኝ ለምን አብሮሽ አይመጣም? ተቀይሞኛል እንዴ?» አለኝ። ሳህኑን ተቀብዬ ወጣሁ።

ክቡርነትዎ በአካል መቅረብን አጥብቀው የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ፣ የፊታችን እሑድ በአካል ቀርበው እርስዎ እንዲመልሱለት እጠይቃለሁ። መጠየቂያው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ስንቁን ይዤ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ወጥተው ሰኞ ጠዋት ለደምመላሽ ጠመንጃውን መስጠት ከቻሉ፣ ይስጡት።

ሰላሙ ለሁላችንም እንዲሆን ከመመኘትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
መምህርት ምሥራቅ አዴሎ
የሟች ከፈለኝ ባለቤት፣ የእስረኛው አብዮት እህት

አባሪ፦ የታኅሣሥ 15 ቀን ማመልከቻ ቅጂ ከገቢ ማኅተም ጋር፣ የጠመንጃው መረከቢያ ደረሰኝ፣ የሕክምና ካርድ ቅጂ
ግልባጭ፦ ለማዕረግ እናት