አጥር ያለው ዋሻ

ጎንደር ለቀረሽው ልጄ ለጸዳለ። የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምሽ አባይ ወታደር ሆኗል፤ ለሰንበት ሲመጣ ይተኛል እንጂ አያወራኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዚህ ከሐይፋ ካርሜል ተራራ ላይ ለጥዩል ወሰዱን፤ በእግር እየዞሩ የድሮ ነገር ማየት ነው። የምትመራን ልጅ አንድ ዋሻ ደጃፍ አቁማ «የጥንት ሰዎች የተቀበሩበት ነው፤ ግቡ» አለችን። ቄስ ማረው «ሙት ካለበት ገብተን ብንረክስ እዚህ አገር ማን ያነጻናል?» ብለው ሰዉን አስቀሩ። እኔ ግን ገባሁ። አባትሽን ሱዳን ስንሻገር በረሃ ላይ በእጄ ከቀበርሁ ወዲህ ያነጻኝ የለም፤ ምን ቀርቶኝ እፈራለሁ?

ውስጡን በብረት አጥረው መብራት አብርተውለታል። ልጅቱ «ቅርስ ነው፤ እንዳትነኪ» አለችኝ። የሟቾቹን ስም ብጠይቃት አይታወቅም አለች። እኔ የአባትሽን ስም አውቃለሁ፤ የተኙበትን ግን ዛሬ ብሄድ አላገኘውም።

ወደ እኛ ለመምጣት መነሣትሽን ሰማሁ። ይህን ወረቀት በሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ መንገድሽ እንዳይታወቅብሽ አንብበሽ አቃጥዪው። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ከዚያ በረሃ ስትደርሺ የአባቴን መቃብር ልፈልግ ብለሽ ከሰዉ እንዳትነጠዪ። ዝም ብለሽ እለፊ። እሳቸው አይቀየሙሽም።

እናትሽ ድንቄ